ሐኪም ወርቅነህና የሰውነት መልእክተኞች

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የወገራን ደጋ አቋርጦ በዳባት በኩል ያልፍና ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ቀጥሎ ምድሩ ድንገት ይቆረጥና የሊማሊሞ ገደል ከእግሩ ሥር ይከፈታል። ይህ መሥመር ዛሬ የመኪና መንገድ ነው፤ ዱሮ ግን የሲራራ ነጋዴዎች አጋሰሶቻቸውን እየነዱ በጎንደርና በምፅዋ መካከል ይመላለሱበት ነበር። ከደባርቅ በስተምሥራቅ በስሜን ተራሮች መካከል ደግሞ ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የስሜኑን ገዢ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፥ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው።

ተማሪዎች ሆይ፥ የአንድ ሐኪም ሕይወት ልንተርክላችሁ ተነሥተን ከገደልና ከንጉሥ መጀመራችን ሊያስገርማችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በደረስጌ ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ከ13 ዓመት በኋላ በመቅደላ አምባ ላይ ባይወድቁ ኖሮ፥ የጎንደሩ ሕፃን ወርቅነህ አገሩን ለቆ ባልሄደ፥ ምናልባትም ሐኪም ባልሆነ ነበር።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሰብሮ ሲገባ ሕፃኑ ከቤተሰቡ ጋር በአምባው ላይ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ አምባው ተዘረፈ፤ ተቃጠለ፤ ሕዝቡም እንደ ተበተነ መንጋ በየአቅጣጫው ፈሰሰ። በዚያ ግርግር መካከል ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከወላጆቹ ተለየ። ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን አገኘውና፥ ጦሩ ወደ መጣበት ወደ ሕንድ አገር ሲመለስ አብሮ ወሰደው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቻምበርሌይን ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። ወርቅነህ የሚለውን ስም የሚያስታውስለት ሰው በሕንድ አገር አልነበረም፤ እርሱም ራሱ ረሳው። አማርኛውም ጠፋው።

ይህን አሳዛኝ ነገር ለጊዜው በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ልጁ በሚስዮን ትምህርት ቤቶች ተምሮ ወደ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1882 ትምህርቱን ፈጽሞ ሐኪም ሆነ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤዲንብራ ሙያውን አሻሻለ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ፥ ሰውየው ለዐቅመ አዳም የደረሱና የተማሩ በመሆናቸው፥ አንቱ እያልን ስለ እሳቸው እንናገራለን።

በዚያ ዘመን የሕክምና ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የሰውን አካል አሠራር ነበር። የሞተ ሰው አካል በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፥ ጡንቻው፥ አጥንቱ፥ ደም ሥሩ አንድ በአንድ እየተለየ ይጠናል። ከሁሉም ይልቅ ተማሪውን የሚያስቸግረው ነርቭ ነው። ነርቭ በዓይን ሲታይ ነጣ ያለ ክር ይመስላል። አንዳንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ከወገብ ተነሥቶ በጭን ጀርባ ወደ እግር የሚወርደው ግን እንደ አውራ ጣት ይወፍራል። ክሮቹን ሁሉ ወደ ምንጫቸው የተከተለ ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው በጀርባ አጥንት ውስጥ ከተኛው ኅብለ ሰረሰርና በራስ ቅል ውስጥ ከታቀፈው አንጎል ነው።

አንጎል በዐዋቂ ሰው ዘንድ ከአንድ ኪሎ ከሦስት መቶ እስከ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ያህል ይመዝናል። የላይኛውና ትልቁ ክፍል እንደ ለውዝ ፍሬ ለሁለት የተከፈለ፥ ገጹም የተሸበሸበ ነው። ማሰብ፥ መናገር፥ ማየት፥ እጅን በፈቃድ ማንቀሳቀስ የዚህ ክፍል ሥራዎች ናቸው። ከበስተኋላው ሥር ያለው ትንሹ አንጎል የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል፤ በሊማሊሞ አቀበት ላይ ሸክም ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ገደል ሳይገባ የሚራመደው በትንሹ አንጎል እርዳታ ነው። ከሁለቱ በታች የአንጎል ግንድ ይገኛል፤ ትንፋሽንና የልብን ምት የሚቆጣጠር፥ ተኝተን ሳለን እንኳ ሥራውን የማይተው ክፍል ነው። ከግንዱ ቀጥሎ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል። ርዝመቱ በዐዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ 31 ጥንድ ነርቮች ከእርሱ እየወጡ ወደ እጅ፥ ወደ ደረት፥ ወደ ሆድና ወደ እግር ይሠራጫሉ። ለፊት፥ ለዓይን፥ ለጆሮና ለምላስ ደግሞ ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ።

ይህ ሁሉ በቢላዋና በዓይን የሚታወቅ ነው። መልእክቱ በክሩ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ግን በቢላዋ አይገኝም። የጀርመኑ ሊቅ ሔልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ባደረገው ፈተና፥ መልእክቱ በሰከንድ 27 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ ለካ። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት የነርቭ ፍጥነት የማይለካ፥ እንደ ብርሃን የፈጠነ ይመስላቸው ነበር። ፈጣን ፈረስ ከሚጋልበው ብዙም የማይበልጥ ሆኖ መገኘቱ አስደነቃቸው።

እናንተም ይህን በገዛ ሰውነታችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። በደባርቅ ብርዳማ ጧት በባዶ እግራችሁ ስትሄዱ ጣታችሁን ድንጋይ ቢመታው፥ መጀመሪያ የሚሰማችሁ መመታታችሁ ብቻ ነው። ሕመሙ መጥቶ ጥርሳችሁን የሚያስነክሳችሁ ጥቂት ዘግይቶ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት የመነካትን ወሬ የሚያደርሱት ክሮች ወፍራምና ፈጣን፥ የሚቆጠቁጠውን ሕመም የሚያደርሱት ግን ቀጫጭንና ዘገምተኛ በመሆናቸው ነው። ፈጣኖቹ በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ሲጓዙ፥ ዘገምተኞቹ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይራመዳሉ። ከጣት እስከ አንጎል አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን፥ የፈጣኑና የዘገምተኛው መልእክት ልዩነት ከአንድ ሰከንድ ይበልጣል ማለት ነው።

እሾህ ስትረግጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። እግራችሁን የምታነሡት አስባችሁበት አይደለም። ወሬው ኅብለ ሰረሰር እንደ ደረሰ አንጎል ሳይጠየቅ ትእዛዝ ወደ ጭን ጡንቻ ይመለሳል፤ እግርም ይነሣል። አንጎል ነገሩን የሚሰማው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ጠላት ድንበር ሲጥስ የወረዳው ሹም ከንጉሡ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ጦሩን እንደሚያስነሣ ያለ ነው።

በነርቭ ክር ውስጥ የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? ብዙዎች በስልክ ሽቦ ውስጥ እንደሚያልፈው ያለ የኤሌክትሪክ ጅረት ይመስላቸዋል። ኤሌክትሪክ መሆኑ እውነት ነው፤ አካሄዱ ግን ይለያል። የነርቭ ሴል በውስጡ ፖታሲየም፥ በውጭው ደግሞ ሶዲየም በብዛት ይዞ ይኖራል። ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ በውስጡና በውጭው መካከል የ70 ሚሊ ቮልት ያህል ልዩነት አለ፤ ይህም ከአንድ ቮልት አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሴሉ ሲቀሰቀስ በቆዳው ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ከአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ በሚያህል ጊዜ ውስጥ የውስጡና የውጩ ኃይል ይገለበጣል። የአንዱ ቦታ መገልበጥ ቀጥሎ ያለውን በር ያስከፍታል፤ ያም የሚቀጥለውን። በደረቀ ሣር ላይ እሳት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደሚሄድ መልእክቱም እንዲሁ ይሄዳል። ልዩነቱ ሣሩ ተቃጥሎ ይቀራል፤ ነርቭ ግን ወዲያው እንደ ቀድሞው ይሆንና ለሌላ መልእክት ይዘጋጃል። ፈጣኖቹ ክሮች ደግሞ እንደ ስብ ባለ ነገር ተጠቅልለዋል። ጥቅላሉ በየመካከሉ ክፍተት ስላለው መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል፤ ወንዝ የሚሻገር ልጅ ውኃውን ሳይነካ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እንደሚዘል መሆኑ ነው።

ወርቅነህ በላሆር በሚማሩበት ጊዜ ከዚህ አብዛኛው አልታወቀም ነበር። እንዲያውም ሊቃውንቱ በአንድ ትልቅ ጥያቄ ላይ ተከፋፍለው ነበር፤ ይኸውም የነርቭ ሴሎች እንደ መረብ እርስ በርሳቸው የተጋጠሙ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው የሚል ነበር። ካሚሎ ጎልጂ የተባለ የኢጣሊያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 የነርቭን ሴል በብር ውሕድ አጥቁሮ በማጉያ መሣሪያ የሚያሳይ ዘዴ አገኘ። የስፔኑ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በዚሁ ዘዴ ተጠቅሞ፥ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ሴሎቹ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ። ጎልጂ ግን የመረቡን አሳብ እስከ መጨረሻው አልተወም። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ሲቀበሉ እንኳ እንደ ተከራከሩ ነበሩ። ለአንድ ሥራ በአንድ መድረክ የተሸለሙ ሁለት ሰዎች በሥራው ትርጉም አለመስማማታቸው በታሪክ ዘወትር የሚገኝ ነገር አይደለም።

ዛሬ የካሃል አሳብ ትክክል መሆኑ ታውቋል። በአንዱ ሴል ጫፍና በሌላው መካከል በዓይን የማይታይ ጠባብ ክፍተት አለ። ኤሌክትሪኩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። በምትኩ የሴሉ ጫፍ ኬሚካላዊ ንጥረ ነገር ወደ ክፍተቱ ይረጫል፤ ማዶ ያለው ሴል ይህን ተቀብሎ የራሱን መልእክት ይጀምራል፤ ወይም ንጥረ ነገሩ የሚከለክል ዓይነት ከሆነ ዝም ይላል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ከደባርቅ የተነሣ መልእክተኛ ዳባት ሲደርስ ደብዳቤውን ለሌላ አስረክቦ፥ ያኛው ወደ ጎንደር ይዞት ቢሄድ፥ መልእክቱ አንድ ቢሆንም እግሮቹ የተለያዩ ናቸው። በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ እንዲህ እየተቀባበሉ የሚሠሩ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች ይገኛሉ።

አሁን ወደ ሐኪሙ እንመለስ። ከስኮትላንድ መልስ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ወደ በርማ ተልከው በዚያ ሲሠሩ ሳሉ የኢትዮጵያ ሠራዊት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረገ። የድሉ ወሬ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ሲናኝ ሐኪም ማርቲን በልባቸው የተቀበረውን የትውልድ አገር ናፍቆት መቋቋም አልቻሉም። ፈቃድ ተቀብለው በዘይላና በሐረር በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በ1892 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ነበሩ። በውጭ አገር ተምሮ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወደ አገሩ የገባው በዚህ ዓይነት ነው። ነገር ግን አገሩ የገባው ሰው ስሙ የፈረንጅ፥ ልብሱ የፈረንጅ፥ ቋንቋው የፈረንጅ ነበር። ከማን እንደ ተወለደ ማን ሊመሰክርለት ይችላል?

በመቅደላ ጊዜ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከቤተሰቡ ጆሮ ደረሰ። አንዲት ባልቴት አያቱ ነኝ ብለው ቀረቡ። ልጁ በሕፃንነቱ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረው ተናገሩ። ሐኪሙ ሲመረመሩ ጠባሳዎቹ በተባሉት ቦታዎች ተገኙ። የጎንደሩ ወርቅነህ እሸቴ ከ30 ዓመት በላይ ጠፍቶ የነበረውን ስሙን ያገኘው በዚህ ምልክት ነው።

እስኪ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስተውሉት። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። አንዱ በቆዳው ላይ ምልክቱን ይዞ ትርጉሙን አያውቅም፤ ሌላዋ ትርጉሙን ይዘው ምልክቱን ከ30 ዓመት በላይ አላዩትም። ቆዳ በጥልቁ ሲቆስል ቀድሞ እንደ ነበረው አይታደስም፤ ጠንካራ ክሮች ቁስሉን ይደፍኑትና ጠባሳው ዕድሜ ልክ ይኖራል። በቆዳው ውስጥ የተቆረጡ ጥቃቅን ነርቮች ግን መልሰው ሊበቅሉ ይችላሉ፤ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋሉ። በኅብለ ሰረሰርና በአንጎል ውስጥ ያሉት ሲቆረጡ ይህን የመሰለ ዕድል የላቸውም።

ሕፃኑ ለምን ረሳ? አያቲቱስ ለምን አልረሱም? የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሴሎቹ መካከል ከዐዋቂ ሰው የበለጠ ብዙ መገናኛ ያበጃል። ከእነዚህ ውስጥ በየጊዜው የሚሠራባቸው ይጠነክራሉ፤ የማይሠራባቸው ይከስማሉ። ሰው የማይሄድበት የበግ መንገድ ከሁለት ክረምት በኋላ ሣር እንደሚውጠው ዓይነት ነው። በሕንድ አገር አማርኛ የሚያናግረው ስላልነበረ የአማርኛው መንገድ ሣር በላው። ከዚህም ጋር፥ በአንጎል ውስጥ ከጆሮ በላይ በጥልቁ ያለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል፥ የውሎን ትዝታ የሚያከማቸው እርሱ ሲሆን፥ በሦስት ዓመት ዕድሜ ገና አልበሰለም። ስለዚህ ማንም ሰው ከሦስት ዓመቱ በፊት የሆነበትን ነገር እምብዛም አያስታውስም። ወርቅነህ የረሱት ልባቸው ስለ ጨከነ አልነበረም።

አያቲቱ ግን ዐዋቂ ነበሩ፤ ሐዘኑም ትዝታውን በየቀኑ ያድሰው ነበር። የጠባሳው መልክ በዓይናቸው በገባ ጊዜ፥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች ባሉት የዓይን ነርቭ በኩል አልፎ፥ ከማጅራት በላይ ወዳለው የአንጎል ክፍል ደረሰ፤ ከዚያም ከቀድሞው ትዝታ ጋር ተገናኘ። ይህ ሁሉ የፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በዚህ ጊዜ በአገራቸው ለዘለቄታው አልተቀመጡም። በ1893 ዓ.ም. ገደማ በኦጋዴን በኩል ከዘመተው ጦር ጋር በሐኪምነት ተሰልፈው ነበር፤ ከዚያም ወደ በርማ ተመለሱ። እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እስከ 1905 ዓ.ም. አካባቢ ቆዩ። እነዚያ ዓመታት የዳግማዊ ምኒልክ የሕመም ዓመታት ነበሩ።

ዐፄ ምኒልክ ስልክን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡ ንጉሥ ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሽቦ አዘርግተው፥ ቀድሞ መልእክተኛ ብዙ ቀን ይፈጅበት የነበረውን ወሬ በቅጽበት ይሰሙ ነበር። የእኒሁ ንጉሥ የራሳቸው የሰውነት ሽቦ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ይታወክ ጀመር። በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሕመም በብርቱ ጣላቸው። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ።

አንጎል ክብደቱ ከሰውነት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ሲሆን፥ ሰው ከሚተነፍሰው ኦክሲጅን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ቧንቧ ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ አጥንቱም ጤነኛ ነው፤ የሚያዘው ግን ጠፍቷል። ከአንጎል ወደ ታች የሚወርዱት የትእዛዝ ክሮች አብዛኞቹ በአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ላይ ይሻገራሉ፤ የግራው ወደ ቀኝ፥ የቀኙ ወደ ግራ። በግራ አንጎሉ የተመታ ሰው ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሚሰንፈው ስለዚህ ነው። ፖል ብሮካ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም እንዳስረዳው ደግሞ፥ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የንግግር ማዘዣ የሚገኘው በግራው አንጎል በግንባር በኩል ነው። በዚያ ስፍራ የተጎዳ ሰው የሚነገረውን እየሰማና እያስተዋለ መልስ ለመስጠት ቃል ሊያጣ ይችላል። ምላሱ አልሞተም፤ ምላሱን ከአሳቡ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ተቆርጧል እንጂ።

በአንድ ንጉሥ ቃል የሚተዳደር አገር፥ የንጉሡ ቃል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ምኒልክ አስቀድመው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው ነበር። ከሕመሙ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ብጡል፥ በደረስጌ ድል የተደረጉት የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ፥ ሥልጣኑን በእጃቸው ለማድረግ ቢሞክሩም፥ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። እቴጌይቱ ከዚያ ወዲህ ባላቸውን በማስታመም ብቻ ተወሰኑ። ንጉሡ በአልጋቸው ላይ ሳሉ በቤተ መንግሥቱ የነበረው ሹክሹክታ ብዙ ነበር፤ ተመርዘዋል የሚል ወሬም ተናፈሰ። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች በሽታውን ለይተው ቢያውቁ እንኳ፥ የተደፈነ የአንጎል ደም ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበራቸውም።

የነርቭ ሕመም ግን በቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። በጎንደር ዙሪያ፥ በተለይም በደምብያ፥ ድርቅ ሲመጣና ሌላ እህል ሲጠፋ ገበሬው ለወራት ጓያ ብቻ ሲመገብ፥ ብርቱ የነበሩ ጎልማሶች ሁለት እግራቸው ድንገት እየጠነከረና እየተሳሰረ በትር ይዘው የሚሄዱ ይሆናሉ። በጓያ ውስጥ ያለ መርዝ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ሴሎች ስለሚጎዳ ነው። የንጉሡ ጉዳት ከደም ቧንቧ፥ የገበሬው ጉዳት ከድስቱ ይምጣ እንጂ፥ የተቆረጠው መንገድ ያው አንዱ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጡረታቸውን ተቀብለው ለመኖር ወደ አገራቸው ገቡ። አዛዥ የሚል ማዕረግም አገኙ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ከሕክምና ይልቅ የአስተዳደርና የትምህርት ሥራ ነበር፤ በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተቆጣጠሩ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዢ ሆነው፥ ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። ጨርጨርን ለሌላው አውራጃ ምሳሌ እንድትሆን ለማድረግ ደከሙ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ሰባ ዓመት በሞላቸው ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራቸውን ሲወር፥ እንግሊዞች ባሳደጓቸው ቋንቋ እንግሊዞችን ለእርዳታ ለመኑ። ቋንቋው አልከዳቸውም፤ እርዳታው ግን በጊዜው አልመጣም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ባደረጉት ጭፍጨፋ፥ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ ተገደሉ። አባት በዚያን ጊዜ በባሕር ማዶ ነበሩ። በሦስት ዓመታቸው በጦርነት ከወላጆቻቸው የተለዩት ሰው፥ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ገደማ በጦርነት ከልጆቻቸው ተለዩ፤ የመጀመሪያውን አላስታወሱትም፤ ሁለተኛውን ግን የሚረሱበት ዕድሜ አልነበራቸውም።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈዋል፤ የጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ገደማ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ስማቸውን የመለሱላቸው ሁለቱ ጠባሳዎች እስከዚያ ቀን ድረስ በአካላቸው ላይ ነበሩ።